የጉዞው ልክ ደካማዋ ሞተር ናት



ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ወጣቶች ተሰባስበው «ሞተራችንን አስነስተን ራቅ ወዳለ አገር እንሂድ» ማለታቸው የተለመደ ነው። ወላጆች በበኩላቸው ይህን ሲሰሙ ልባቸው ይርዳል። «እንሂድ» በሚሉትና «አትሄዱም» በሚሉት መካከል ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ጉዞ መንገድ ላይ ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ላይ መጀመር አለበት። በዚህ ወር አምዳችን በጥቂት ገንዘብና በትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ከጓደኞች ጋር ረዥም መንገድ ስለመሄድ እንነጋገራለን። ምሳሌ የምናደርገውም ሌላ ሰው ሳይሆን ራሳችንን ነው።

የመጀመሪያው ዕቅድ

በ2006 ዓ.ም. ሰኔ ወር መግቢያ ላይ እኛ አራት የአዳማ ጓደኛሞች ከዐስር ሶላት በኋላ ተቀምጠን ወደ ሐረር ለመሄድ ተማከርን። ዓላማችን ለሹዋሊድ በዓል መድረስ ነበር። ሹዋሊድ የሐረር ሰዎች ከረመዳን በኋላ የሚጾመውን የስድስት ቀን የሸዋል ጾም ፈጽመው የሚያከብሩት በዓል ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የጀጎል ግንብ ደግሞ ቀደም ብሎ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህችን ከተማ በበዓሏ ቀን፣ በገዛ ሞተራችን ደርሰን ለማየት ልባችን ቋመጠ።

ከአዲስ አበባ ሐረር ወደ 525 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዳማ ለሚነሳ ሰው 425 ያህል ይሆናል። «በአንድ ቀን እንገባለን» አልን። ደብተር አውጥተን ነዳጅ፣ ምግብ፣ አልጋ ብለን ጻፍንና ድምሩን ለአራት አካፈልነው። ስሌቱ አልተሳሳተም። የተሳሳትነው የአራታችን ኪስም ሆነ የአራቱ ሞተሮች አቅም እኩል እንደሆነ መቁጠራችን ላይ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ከመካከላችን አንዱ «ሥራ በዝቶብኛል፤ እናንተ ሂዱ» አለን። እኛም አመንነው። እንዲያውም የከለከሉት እናቱ መስለውን ልናስፈቅድለት ቤታቸው ድረስ ሄድን። እናቱ ቡና አፍልተው አስተናገዱንና ነገራችንን እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ፦

«ልጆቼ፣ እኔ አልከለከልኩትም። ግን የሱ ሞተር ከእናንተ እኩል ትሮጣለች? ጎማዋ አልቋል ሲል ሰምቻለሁ። እናንተ ስትፈጥኑ እሱ ኋላ ቢቀር ማን ይቆምለታል?» አሉን።

እርስ በርስ ተያየን። መልስ አልነበረንም። ወዳጃችን ገንዘቡ እንደማይደርሰው ለመናገር ይሉኝታ ይዞት ነበር። ከደመወዙ የሚበዛው ለቤቱ ነው። እኛ «ትንሽ ገንዘብ ናት» ያልነው መዋጮ ለእሱ ትንሽ አልነበረም። ከዚያ ላይ ጎማ መቀየር ነበረበት። ሄልሜቱም የተሰነጠቀ ነበር።

ያን ማታ ብዙ ተከራከርን። ከእኛ አንዱ «በዓሉ በዓመት አንዴ ነው፤ ዘንድሮ ሦስታችን እንሂድ፣ ለከርሞ ከእሱ ጋር እንደግመዋለን» አለ። ሐሳቡ ስህተት ነው ማለት አይቻልም። ሌላው «እናበድረው» አለ። ነገር ግን ለመዝናናት ተብሎ የተገባ ዕዳ ከጉዞው በኋላ ረዥም ጊዜ ይቆያል። በመጨረሻ ጉዞውን ወደ ጥቅምት ለማስተላለፍና ዕቅዱን እንደ አዲስ ለመሥራት ተስማማን። ሹዋሊድ አመለጠን። ቅር አላለንም ብንል ውሸት ይሆንብናል።

በሊትርና በሌሊት መቁጠር

ሁለተኛውን ዕቅድ ስንሠራ ከብር አልጀመርንም። ዋጋ ዛሬና ነገ አንድ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገውን በሊትር፣ በሌሊትና በገበታ ቆጠርን። ብሩን የሞላነው ሊነሱ ሳምንት ሲቀር ነው።

ደርሶ መልስ 850 ኪሎ ሜትር፣ የከተማ ውስጡን ጨምረን 900 አልን። ትንሽ ሞተር በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄድ 23 ሊትር ገደማ ያስፈልጋታል። መንገዱ ዳገት ስላለበትና ዕቃም ስለሚጫን አንድ አምስተኛ ጨምረን 27 ሊትር ያዝን። የራስን ሞተር ትክክለኛ ፍጆታ ለማወቅ ታንከሩን መሙላት፣ 100 ኪሎ ሜትር መንዳትና ዳግም ሲሞላ የገባውን ሊትር ማየት ይበቃል። አራታችንም ይህን አደረግን። የአንዳችን ሞተር ካሰብነው በላይ ነዳጅ ጠጪ ሆና ተገኘችና በጊዜ አሠራናት።

ለማረፊያ በሁለት ሰዎች አንድ ክፍል፣ ለምግብ አራታችንም ከአንድ ትሪ እንድንበላ ወሰንን። ለመንገድ በሶ፣ ቴምርና ዳቦ ከቤት ያዝን። በመጨረሻም የድምሩን አንድ አምስተኛ መጠባበቂያ ብለን ለብቻው አስቀመጥን። ይህ ገንዘብ ለብልሽትና ለሕመም ብቻ የሚነካ ነው። ምሳ ለማሳመር አይነካም።

መዋጮውንም እንደ ዕቁብ በየሳምንቱ አደረግነው። መጠኑን እንዲወስን የጠየቅነው ግን ከሁሉም ያነሰ ገቢ ያለውን ወዳጃችንን ነው። እሱ «ይህን እችላለሁ» ያለውን ሁላችንም ከፈልን። ለአሥራ አምስት ሳምንት ያለማቋረጥ ተጠራቀመ። እሱም በዚህ ጊዜ ውስጥ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ቀየረ።

ከምን ይቀነሳል? ከምንስ አይቀነስም?

በጥቂት ገንዘብ መጓዝ ማለት ከሁሉም ነገር መቀነስ ማለት አይደለም። ከአልጋ ምቾት፣ ከምግብ ዓይነት፣ ከፎቶና ከስጦታ ይቀነሳል። ከሄልሜት፣ ከጎማ፣ ከፍሬንና ከእንቅልፍ ግን አይቀነስም። ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች ተገምግመው እንደታየው፣ ሄልሜት ማድረግ በአደጋ ጊዜ የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል። የተሰነጠቀ ወይም ማሰሪያው ያልተቆለፈ ሄልሜት ግን አስተማማኝ ጥበቃ አይሰጥም።

ከመነሳታችን በፊት የሞተር ዘይት ቀየርን፣ ካቴናውን አጥበቅን፣ የጎማ ነፋስ ማለዳ ሳይሞቅ ለካን። ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽና ፓች፣ የእጅ ፓምፕ፣ ሁለት ካንዴላና የፍሪሲዮን ሽቦ ለአራታችን በጋራ ያዝን። ለየብቻ ብንገዛው አራት እጥፍ ያስወጣን ነበር። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ደግሞ እያንዳንዳችን በላስቲክ ጠቅልለን በኪሳችን አደረግን።

ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው የሚጓዙ ሰዎች አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩትን አስታውሰን አንድ አሚር መረጥን። መንገድ ላይ ስለ ማቆምና ስለ መሄድ ክርክር የለም፤ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው።

መንገዱን በየክፍሉ

መንገዱን በካርታ ላይ ስናየው ሦስት የተለያዩ መንገዶች ሆነው አገኘናቸው። የመጀመሪያው ከአዳማ አዋሽ ሰባት ኪሎ ያለው 125 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ሙቀቱ ኃይለኛ ነው። ወደ ጂቡቲ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖችም ያሉት እዚሁ ላይ ነው። በመተሐራ የበሰቃ ሐይቅን አጠገብ ለአጠገብ ያልፋሉ። ቀጥሎም መንገዱ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ያቋርጣል። ይህን ክፍል ከሱብሂ ሶላት በኋላ ተነስተን ሙቀቱ ሳይበረታ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ለመጨረስ አቀድን።

ሁለተኛው ከአዋሽ በአሰቦትና በሚኤሶ አድርጎ ጭሮ የሚያደርሰው 100 ኪሎ ሜትር ነው። አብዛኞቹ የጂቡቲ መኪኖች ከአዋሽ በኋላ ወደ ሚሌ ስለሚታጠፉ መንገዱ ጭር ይላል። በእነሱ ፋንታ ግመልና ከብት ይበዛል። ለዚህ ነው መሸት ካለ በኋላ ላለመንዳት የወሰንነው። በአንድ ቀን ሐረር እንገባለን ያልነውን ትተን ጭሮ ላይ አደርን።

ሦስተኛው ከጭሮ በሒርና፣ በጨለንቆና በቁልቢ አልፎ ሐረር የሚገባው 200 ኪሎ ሜትር ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወጣ፣ ጠመዝማዛና ጭጋግ የማይለየው ተራራ ነው። አዋሽ ላይ በሙቀት የተቃጠለ ሰው እዚህ ጃኬት ይፈልጋል። በአወዳይ አካባቢ ጫት የጫኑ መኪኖች ለገበያ ለመድረስ ስለሚጣደፉ ጥግ መያዝ ያሻል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 በቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ምክንያት መንገዱም አልጋውም ስለሚጨናነቅ ቀኑን አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል።

አነዳዳችንም በአቅም ነበር። ከአሚሩ ቀጥሎ ደካማዋ ሞተር፣ መጨረሻ ላይ መሣሪያውን የያዘው ሰው። ፍጥነታችን ደካማዋ ሞተር ሳትጨነቅ የምትሄድበት 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነበር። በየሰዓት ተኩሉ ቆመን ውሃ ጠጣን። ዙህርና ዐስርን ለመንገደኛ እንደተፈቀደው አጣምረን ሰገድን፤ ሞተሮቹም በዚያው ቀዘቀዙ።

መንገድ ላይ የሆነው

በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ተነሳን። ሚኤሶን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር አንድ ጎማ ተነፈሰ። የደካማዋ ሞተር እንዳይመስላችሁ! «ለእኔ አታስቡ» ሲል የነበረው የባለ አዲሷ ሞተር ነው። እሱ ጎማ ፈትቶ አያውቅም። ጎሚስታ በአካባቢው አልነበረም። ያን ጊዜ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲል ለዓመታት ካላማዳሪያውን ራሱ ሲለጥፍ የኖረው ወዳጃችን እጅጌውን ሰበሰበና ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጨረሰው። በሰኔ ወር ሦስታችን ሄደን ቢሆን ኖሮ እዚያ ፀሐይ ላይ ምን እንሆን እንደነበር አላህ ያውቃል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሐረር ገባን። ሹዋሊድ አልነበረም። ከበሮውም ሰልፉም አልነበረም። ነገር ግን መግሪብ ሲደርስ ከጀጎል ጠባብ መንገዶች ውስጥ አዛኑ ከየመስጂዱ ሲቀባበል አራታችንም አብረን ሰማነው። ስንመለስ ከመጠባበቂያው የተረፈውን ለአራት ከመካፈላችን በፊት ለእናቲቱ የሐረር ቡና ገዝተን ወሰድንላቸው። ያቺን ጥያቄ ባይጠይቁን ኖሮ ወዳጃችንን ትተነው እንሄድ ነበርና።

ዛሬ ለምትነሱ

ከዚያ ወዲህ የተለወጡ ነገሮች አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ስለሆነ ባትሪ ያለቀበት ሰው ነዳጅ እንዳለቀበት ይቆጠራል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። ስለዚህ ከመነሳት በፊት ስለ መንገዱም ሆነ ስለ ጸጥታው በዚያው ሳምንት ተመላልሰው የመጡ ሾፌሮችን ጠይቁ። «አሁን አትሂዱ» ካሏችሁ መቅረት ውርደት አይደለም።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ለጉዞ ሲነሱ ከመከልከላችሁ በፊት ይህን ጠይቋቸው፦ አሚራችሁ ማነው? መጠባበቂያው ስንት ነው? የት ታድራላችሁ? ከሁላችሁ ደካማው ማነው? ለእሱስ ምን አሰባችሁለት? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ያለው ቡድን ለቀሩትም መልስ አያጣም። መልስ ከሌለው ግን ዕቅዱ ገና አልተሠራምና ደብተሩን ይዞ እንዲመለስ ንገሩት።

እናንተም ወጣቶች፣ ዛሬ ማታ ደብተር ስታወጡ ድምሩን ለቁጥራችሁ ከማካፈላችሁ በፊት «ሥራ በዝቶብኛል» ያለውን ጓደኛችሁን ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁት።

ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ አላህ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። ወሰላሙ ዐለይኩም።