ስለ ጀጎል ሱቆች አንድ አሳብ

ባለፈው ወር አሠሪዬ ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛዬ መጥተው አንድ ደብዳቤ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ደብዳቤው በሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ግዲር መጋላ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ለተከራየነው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ባለቤት የሚላክ ነበር። የያዘውም ቃል የኪራዩ ዘመን ሲያልቅ ውሉ እንደማይታደስና ንግዳችን ከግንቡ ውጭ ወዳለው ሰፊ መንገድ እንደሚዛወር የሚያስታውቅ ነው። እንደታዘዝሁት ጽፌ ለፊርማ አቀረብሁ። እሳቸው ግን ብዕራቸውን አንሥተው ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ መልሰው አስቀምጠው የእኔን አሳብ ጠየቁኝ።

በዚያን ጊዜ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ የአንድ ሱቅ ብቻ ስላልሆነ፣ አስፋፍቼ ለነጋዴዎች ወገኖቼ ማቅረቡ ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ።

በመጀመሪያ፣ ከጀጎል የሚወጡትን ነጋዴዎች መውቀስ ተገቢ አይደለም። የጭነት መኪና ወደ ውስጠኛው መንገድ አይገባም። ዕቃ ከበሩ ላይ ወርዶ በተሸካሚና በጋሪ ይገባል፤ ስለዚህ አንዱ ጥቅል ሁለት ጊዜ ይጫናል፣ ሁለት ጊዜም ይከፈልበታል። መኪና ይዞ የሚመጣ ገዢ ማቆሚያ ያጣል። ቤቶቹም አሮጌ ስለ ሆኑ በክረምት እርጥበት ያስቸግራል፤ ባለቤቱና ተከራዩ ደግሞ ጥገናው የማን ድርሻ እንደ ሆነ ሲከራከሩ ዓመቱ ያልቃል። እነዚህን ችግሮች የማያውቅ ሰው «ቅርስ ነውና ተቀመጡ» ቢል ሰሚ አያገኝም።

ሆኖም የከተማይቱን ታሪክ መለስ ብለን ብናይ፣ ጀጎል ሲመሠረት ጀምሮ የነጋዴ ከተማ እንደ ነበረ እንረዳለን። በ16ኛው ምዕተ ዓመት አሚር ኑር ያጠናከሩት ግንብ የከበበው አምልኮንና መኖሪያን ብቻ ሳይሆን ገበያንም ነው። የከተማይቱ አሚሮች ማሐለቅ የተባለውን የራሳቸውን ገንዘብ ያሠሩ ነበር። የሐረር ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ በቅፍለት ተጭኖ ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ይወርድ ነበር። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ የመጡት የሕንድ ነጋዴዎችም ባለ ፎቅና ባለ በረንዳ ቤቶችን ሠሩ። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ወደ ሐረር የመጣው ግጥም ሊጽፍ ሳይሆን የቡናና የቆዳ ንግድ ወኪል ሆኖ ነበር። ዛሬ ጎብኚ ከሩቅ አገር መጥቶ ፎቶግራፍ የሚያነሣቸው ብዙዎቹ ቤቶች፣ አባቶቻችን ሒሳብ ያሰሉባቸው ቤቶች ናቸው።

የጅምላው ንግድ ከሐረር መውጣት የጀመረውም ዛሬ አይደለም። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ተራራውን መውጣት ስላልተመቸው ድሬዳዋ ላይ ሲደርስ፣ መጋዘኑና ጉምሩኩ ወደዚያ ወረደ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በድሬዳዋ በኩል ያልፋል እንጂ ወደ ሐረር አይወጣም። ጀጎል ግን አልጠፋም። ጅምላውን ቢያጣም ችርቻሮውንና የእጅ ሥራውን ይዞ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ጀጎል በጭነት ብዛት ከሰፊው መንገድ ጋር መወዳደር እንደማይችል፣ ነገር ግን ሰው በእግሩ እየተዘዋወረ፣ እያየና እየዳሰሰ በሚገዛው ዕቃ ማንም እንደማይቀድመው ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን በስፌት መኪና ድምፅ ስሙን ያገኘው የመኪና ግርግር መንገድ ነው። ከእኛ ሱቅ ጨርቅ የገዛች ሴት ጥቂት እርምጃ ሄዳ ለሰፊው ትሰጣለች። ልብሱ እስኪሰፋ ድረስ ቅመም ትገዛለች፣ ስፌት ትመለከታለች፣ ቡና ትጠጣለች። እንግዲህ እኛ ከወጣን የሚዘጋው አንድ መዝጊያ ብቻ አይደለም። ጨርቁ ወደ ውጭ ሲሄድ ሰፊው ሥራ ይፈታል፤ ሰፊው ሲፈታ የቅመሙ ሱቅ መንገደኛ ያጣል፤ በመጨረሻም መንገዱ ማታ ማታ የሚያስፈራ ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ይህ ገበያ የቆመው እያንዳንዱ ሱቅ የጎረቤቱን ሸክም ስለ ተካፈለ ነው።

ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። 48 ሄክታር በሚሆን ቦታ ውስጥ 82 መስጊዶችና ከመቶ በላይ የቅዱሳን መቃብሮች መኖራቸው፣ የቤቶቹም አሠራር ልዩ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህች ከተማ የተከበረችው ሰው የሚኖርባትና የሚሠራባት ስለ ሆነች ጭምር ነው። ግድግዳው ቀለም ተቀብቶ፣ መንገዱ በድንጋይ ተነጥፎ፣ ሱቁ ግን ተዘግቶ ቢገኝ፣ ጎብኚው አንድ ጊዜ አይቶ ይሄዳል፤ ነዋሪውም የሚገዛው ስለማያገኝ ተከትሎት ይወጣል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በእኔ በኩል የሚከተሉትን አሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሱቅና መጋዘን ይለያዩ። የሱቃችንን የሒሳብ መዝገብ ስመረምር ያስገረመኝ ነገር፣ የቤቱን ግማሽ የያዘው ለዕለቱ ሽያጭ የማያስፈልግ ጥቅል መሆኑ ነው። ለመደርደሪያ በሚገባው ቦታ ኪራይ እየከፈልን ጆንያ እናሳድርበታለን። ጥቂት ነጋዴዎች ተባብረው ከበሮቹ ውጭ አንድ መጋዘን ቢከራዩ፣ የዕለት የዕለቱንም ዕቃ ገበያው ሳይሞቅ በማለዳ በእጅ ጋሪ ቢያስገቡ፣ የተሸካሚው ዋጋ በጋራ ይቀንሳል፤ መንገዱም ቀኑን ሙሉ ለእግረኛ ክፍት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የኪራይ ውል ይሻሻል። ዓመት ሳይሞላ ልባረር እችላለሁ ብሎ የሚያስብ ተከራይ ምስማር እንኳ አይመታም። ውሉ ረዘም ላለ ዘመን ቢደረግና ተከራዩ ለጥገና ያወጣው ገንዘብ በደረሰኝ ተረጋግጦ ከኪራዩ ቢታሰብለት፣ ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ። ጥገናውም በዕውቀት ይሁን። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ሲሚንቶ ሲለበስ እርጥበቱ መውጫ ያጣና ከውስጥ ይበላዋል፤ ኖራ ግን ግድግዳውን እንዲተነፍስ ያደርገዋል። ርካሽ መስሎን የቀባነው ሲሚንቶ በኋላ ዋጋው ይከብዳል።

ሦስተኛ፣ ባዶ የቀሩት ፎቆችና በረንዳዎች ሥራ ያግኙ። ከታች ሱቅ፣ ከላይ ቡና ቤት ወይም የስፌትና የመጽሐፍ ድጉሰት ሥራ ቢሆን፣ አንዱ ኪራይ በሁለት ገቢ ይደገፋል።

አራተኛ፣ የገዢን እምነት እንጠብቅ። ለእንግዳ አንድ ዋጋ፣ ለአገሬው ሌላ ዋጋ መጥራት የዛሬን ትርፍ አምጥቶ የነገን ገበያ ያርቃል። ዋጋው በዕቃው ላይ ይጻፍ፤ ሐረር ያልተሠራውም የሐረር ሥራ ነው ተብሎ አይሸጥ።

ከማዘጋጃ ቤቱ የምንለምነውም ብዙ አይደለም። የጎርፍ መውረጃው እንዳይደፈን፣ ቆሻሻው በየቀኑ እንዲነሣ፣ የመንገድ መብራት እንዳይጠፋ፣ በየበሮቹም አጠገብ የመኪና ማቆሚያና ንጹሕ መጸዳጃ እንዲኖር ነው። ይህ ሳይሟላ ነጋዴውን ብቻ «ጽና» ማለት አይቻልም።

አንዳንድ ሰዎች «ነጋዴ ለትርፍ እንጂ ለታሪክ አይሠራም» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኔም የምናገረው ስለ ትርፍ ነው። በሰፊው መንገድ ላይ ከተሠሩት ተመሳሳይ ሱቆች መካከል የእኛን የሚለየው ምንድን ነው? በጀጎል ውስጥ ግን መንገዱ ራሱ ገዢ ይጠራልናል። እንዲህ ያለውን ስፍራ አንድ ጊዜ ከለቀቁት በኋላ በገንዘብ መልሶ መሥራት አይቻልም።

አሠሪዬ አሳቤን ሙሉ በሙሉ ተቀብለዋል ለማለት አልደፍርም። የሰፊው መንገድ ቤት አሁንም ዓይናቸውን ይስበዋል፤ በእኔም ላይ አይፈርዱም እንጂ ኪሳራ ቢመጣ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። ቢሆንም መጋዘኑን ለይተን እስከ መስከረም ድረስ እንድንሞክረው ፈቅደዋል። ደብዳቤውም ሳይፈረም በመሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። ጎረቤቶቻችን በመጋዘኑ ኪራይ ቢተባበሩን ሸክሙ ይቀልልናል፤ ብቻችንን ከቀረን ግን ደብዳቤው መውጣቱ አይቀርም።

ስለዚህ ክቡር ምክር ቤታችን የጀጎልን ነጋዴዎች፣ የቤት ባለቤቶችንና የማዘጋጃ ቤቱን ሹማምንት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲያገናኝልን በትሕትና እጠይቃለሁ።