ዜሮ ያለው አሸነፈ
ሰሞኑን የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ይምጡ ካርታ እንጫወት» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ «ስከል ኪንግ» የሚሉት የባሕር ወንበዴዎች ጨዋታ ነው። ዐሥር ዙር አለው፤ በመጀመሪያው አንድ፣ በመጨረሻው ዐሥር ካርታ ይታደላል። ሁሉም አንዳንድ ይጥላል፣ የበለጠው ጠቅልሎ ያነሳል። ወንበዴ ቁጥሮችን ይበልጣል፤ ንጉሣቸው ደግሞ ወንበዴውን።

ቁም ነገሩ ወዲህ ነው። ጨዋታው ሳይጀመር ሁሉም «ዮ ሆ ሆ» ብሎ ስንቴ እንደሚያነሳ በጣቱ ያሳያል። ቃሉን በልክ የሞላ ነጥብ ያገኛል፤ ያጎደለም ያተረፈም ይቀጣል።

በዐሥረኛው ዙር አምስት ብዬ ሁለት አነሳሁ፤ 30 ነጥብ ተቀነሰብኝ። ልጁ ዜሮ ብሎ ምንም ሳያነሳ ወጣ፤ 100 አገኘ። ተሳቀብኝ፣ እኔም ሳቅሁ።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለእናቴ በየዓመቱ በስልክ «ለፋሲካ እመጣለሁ» እላታለሁ። እሷም «እሺ ልጄ» ብላ ዶሮዋን ታሰናዳለች። ይኸው ስንት ፋሲካ አለፈ!

አሁን ስደውል «እማዬ፣ ዘንድሮ አይሆንልኝም» ልላት ቆርጫለሁ። ድንገት ተሳክቶልኝ ብሄድ፣ እሷ እንደ ካርታው በትርፉ አትቀጣኝም።

እናንተስ ወገኖቼ፣ ስንት ጣት አሳይታችኋል? ሳምንት በደኅና ያገናኘን።