ሐሳብ አልባው የሐሳብ ድርሰት

«ፈታኙ ስለ እናንተ ሐሳብ ምን አገባው? ሐሳባችሁን በር ላይ ትታችሁ ግቡ። ይዛችሁ የምትገቡት ቴምፕሌቱን ብቻ ነው።»

ይህን ያለው ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናው ለአይልትስ የሚያዘጋጅ አንድ አስጠኚ ነው፤ በቴሌግራም ቻናሉ፣ በድምፅ፣ ሳቅ እያለ። ማስታወቂያው ላይ ክራቫቱን አስሮ፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ ከጀርባው የለንደኑ የሰዓት ማማ ተለጥፏል። ከሥሩ «ባንድ 7 በሁለት ሳምንት» ይላል፤ ባንድ የፈተናው የውጤት ደረጃ ነው። ስሙን አልጠራም። ብጠራውም ለውጥ የለውም፤ ከመገናኛ እስከ ፒያሳ በየፎቁ ቢጤዎቹ ሞልተዋል፣ የሚሸጡትም ያንኑ የቴምፕሌት ወረቀት ነው። ያናደደኝ እርግጠኝነቱ ነው። «አስተያየትህን ጻፍ» ለሚል ጥያቄ የሚያዘጋጃቸውን ልጆች አስተያየት እንዳይኖራቸው ያሠለጥናል፤ ለዚሁም ብር ይቀበላል።

ነገሩን ከየት እንዳመጣው አይጠፋኝም። ፈታኙ በሐሳብህ ስለተስማማ ነጥብ አይጨምርልህም፣ ስላልተስማማም አይቀንስብህም። ይህ እውነት ነው። የሞት ቅጣት ይቅር ብትል፣ ይጽና ብትል ለእሱ ያው ነው። አስጠኚያችን ይህችን ያዘና «የትኛውንም ወገን ብትይዙ ግድ የለውም» የሚለውን «ጨርሶ ባትይዙም ግድ የለውም» አደረጋት። የተማሪው ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህች ላይ ነው። ብሩም ቀላል አይደለም፤ የፈተናው ክፍያ ብቻ እንኳ ኪስ ያራቁታል።

መመዘኛው ደግሞ ድብቅ ሰነድ አይደለም። ማንም ስልኩ ላይ አውርዶ ያነበዋል። ከአራቱ መስፈርቶች የመጀመሪያው ጥያቄው በትክክል ተመልሷል ወይ የሚል ሲሆን፣ ባንድ 7 የሚሰጠው ግልጽና የዳበረ አቋም ለታየበት ጽሑፍ እንደሆነ በጥቁርና በነጭ ሰፍሯል። ስለ ማያያዣዎች የተጻፈውንማ አስጠኚያችን አንድ ቀን ቢያነበው ሱቁን ይዘጋ ነበር። ማያያዣ ማብዛት ባንድ 5 ላይ በጉድለት ተቆጥሯል፤ ባንድ 9 የሚያገኘው ሐሳቦቹ የተሰፉበት ክር እምብዛም ዓይን ውስጥ የማይገባ ጽሑፍ ነው። ሙሉ በሙሉ ተሸምድዶ የመጣ መሆኑ የተረጋገጠበት ጽሑፍስ? ዜሮ። ለፈተናው ጭራሽ ካልመጣው ሰው ጋር አንድ ረድፍ ላይ።

እስቲ ቴምፕሌቱን እንየው። «ኢን ዚስ ሞደርን ኤራ» ብሎ ይነሣል። «ኢት ኢዝ ኤ ሃይሊ ዲቤተብል ኢሹ» ይቀጥልና ክፍት ቦታ ይመጣል፤ ርዕሱ እዚያ ይሞላል። «ኦን ዘ ዋን ሃንድ»፣ ክፍት ቦታ። «ኦን ዘ አዘር ሃንድ»፣ ክፍት ቦታ። በመሃል «አንድ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ያካሄደው ጥናት እንደሚያመለክተው» የሚል ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ተቀምጧል። ዩኒቨርሲቲው የለም፣ ጥናቱም የለም፤ ከመቶ ስንት እንደሆነ ተማሪው እዚያው ፈተና ክፍል ውስጥ ይወልደዋል። «ፈታኙ አያጣራም» ብሏል አስጠኚው። የውሸት አሠራርም በኮርሱ ውስጥ ተካቷል ማለት ነው፤ ለብቻው አያስከፍልም።

ይህንን የሸመደደች አንዲት ልጅ የልምምድ ጽሑፏን አሳየችኝ። ጥያቄው መንግሥት ገንዘቡን ማዋል ያለበት ለአዳዲስ መንገዶች ነው ወይስ ለሕዝብ ማመላለሻ የሚል ነው። ልጅቱ ጧት ጧት የታክሲ ሰልፍ ላይ ትቆማለች። ወያላው ያመናጭቃታል፤ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ያልፋታል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከተማው በሙሉ ወጥቶ የተሳፈረበት ቀላል ባቡር ከዓመት ዓመት ስንት ፉርጎ ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለች። በአማርኛ ስጠይቃት ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ አወራችኝ፤ ትልልቅ መንገድ በተሠራ ቁጥር ሰልፉ ለምን እንደማያጥር የራሷ ማብራሪያ ሁሉ አላት። ወረቀቷ ላይ ግን አዲስ አበባ የለችም። ሰልፉም ባቡሩም የሉም። «በሠለጠኑት አገሮች» የሚል ነገር አለ፤ የማይታወቀው ጥናት አለ፤ ሁለቱም ወገን ጥቅምና ጉዳት እንዳለው ተገልጿል፤ ከዚያ «ቱ ሰም አፕ»። የነገርሽኝን ለምን አልጻፍሽውም ስላት «ቴምፕሌቱ ላይ ቦታ የለውም» አለች።

የፈተናው ወረቀት ራሱ እኮ ከጥያቄው ሥር ከራሳችሁ ዕውቀት ወይም ልምድ ምሳሌ ስጡ ይላል! በየፈተናው፣ በየርዕሱ ሥር የታተመ ነው። 40 ደቂቃ፣ ቢያንስ 250 ቃል፣ ከራስ ልምድ። ልጅቱ በእጇ የነበረውን በር ላይ አስቀምጣ፣ ያልነበራትን ይዛ ገባች።

እርግጥ አስጠኚው ዘሩን አልፈጠረውም፤ የተዘራውን ነው የሚያጭደው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተማር የተባለ ልጅ 12ኛ ክፍል ሲደርስ የሚፈተነው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እየመረጠ ነው። በታሪኩም፣ በእንግሊዝኛውም። አንቀጽ ጽፎ አንድን አቋም እንዲሟገትለት ብሔራዊ ፈተናው አይጠይቀውም። ስለዚህ ብዙው ልጅ «አንተ ምን ትላለህ?» ተብሎ የሚጠየቀው፣ ለዚያውም ነጥብ ተቆርጦለት፣ ብሪታንያ ሠራሽ ፈተና ላይ ነው። እዚያም ሲደርስ አስጠኚው «መልስ እንዳትሰጥ» አለው።

ሽምደዳ ባህላችን ነው የሚሉኝ አሉ። የትኛው ባህላችን? ዋሸራና ጎንጅ ቅኔ ቤት የተማረ ሰው ይጠየቅ። በሁለት መስመር ጉባኤ ቃና የጀመረው የቅኔ ተማሪ ቀን ዱር ለዱር እየዞረ ይቆጥራል፤ ማታ ለየኔታ የሚነግረው አዲስ፣ የራሱ መሆን አለበት። የሌላውን ይዞ ቢመጣ የጓደኞቹ ሳቅ አያስቆመውም። እዚያ የሚደርሰው ዳዊቱን በቃሉ ከወጣ በኋላ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ለሽምደዳው ግን የሚያበቃበት ደረጃ ተበጅቶለት ነበር። በላ ልበልሃ እያለ ቆሞ የሚሟገት ገበሬ አያት የነበረው ልጅ፣ ዛሬ ስለ ታክሲ ሰልፍ ሐሳብ የለህም ሲባል እሺ ብሎ ይከፍላል።

ባዶ ድርሰት ማምረት ብቻ ከሆነ ጉዳዩ፣ ለዚያ ሰው አያስፈልግም። በኤም አይ ቲ ለዓመታት የጽሑፍ ትምህርት የመሩት ሌስ ፔረልማን በፈረንጆቹ 2014 ከተማሪዎች ጋር ሆነው አንድ ፕሮግራም ሠርተዋል፤ ጥቂት ቃላት ሲሰጡት ትርጉም የሌለው፣ ግን በከባድ ቃላትና በማያያዣ ያጌጠ ድርሰት ይተፋል። ድርሰት በኮምፒዩተር የሚያርሙ ሥርዓቶችም ከፍተኛ ነጥብ ሰጡት። የእሳቸው ዓላማ አራሚውን ማሽን ማሳጣት ነበር። የእኛ አስጠኚ ግን ልጆቹን ማሽኑን አድርጎ ያስመርቃቸዋል፤ ያውም የአይልትስን ጽሑፍ የሚያርመው ሰው መሆኑን እየረሳ። ቀኑን ሙሉ «ሃይሊ ዲቤተብል ኢሹ» ሲያነብ የዋለ ፈታኝ እንደገና ሲመጣበት ምን እንደሚሰማው ለመገመት እንግሊዝ መወለድ አያሻም።

ሌላው የእንግሊዝኛ ፈተና ቶፍልም ቢሆን በፈረንጆቹ 2023 የቀድሞውን የ30 ደቂቃ የአስተያየት ድርሰት አንሥቶ፣ መምህሩ ለጠየቀውና ሁለት ተማሪዎች ለተናገሩት በ10 ደቂቃ መልስ ወደ መስጠት ዞሯል። ሰዎቹ ያሉትን ሳያነቡ የሚመለስ ነገር አይደለም። አስጠኚዎቻችን ምን አደረጉ? የአሮጌውን ቴምፕሌት ርዕስ ቀየሩ።

የቀረቻቸው መከራከሪያ ይህች ናት፤ «ልጁ የፈለገው ቪዛ ነው፤ ደራሲ ሊሆን አይደለም።» ይሁን። ቪዛውን ያገኘ ልጅ የሚሄደው የት ነው? ዩኒቨርሲቲ። ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መምህሩ የሚቃረኑ ሁለት ጽሑፎች ይሰጠውና የማንን ትይዛለህ፣ ለምን ይለዋል። ሁለቱም ጥቅምና ጉዳት አላቸው ቢለው ወረቀቱን ይመልስለታል። የሌለ ጥናት የጠቀሰ እንደሆነማ እዚያ የሚያጣራ አለ፤ ያስባርራልም። አስጠኚያችን ለዚያን ቀን የሚሸጠው ቴምፕሌት ካለው ዋጋውን ከወዲሁ ይለጥፍልን።