ካርዱ የማይነግረን ሰርግ

ጥምቀት ሲያልፍ በየቤታችን የጥሪ ካርድ ይደረደራል። ዐቢይ ጾም ሳይገባ የቀሩት ቅዳሜና እሁዶች ጥቂት ስለሆኑ፣ ባል ወደ አንዱ ሰርግ ሚስት ወደ ሌላው የሚሄዱበት ቀንም አይጠፋም። ካርዶቹ እያማሩ መጥተዋል፤ ወርቃማ ጽሑፍ፣ ሪባን፣ የአዳራሹ ካርታ ሳይቀር አላቸው። እኔ ግን ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው ባልተጻፈው ላይ ነው።

“ከቀኑ 6፡00 ሰዓት” ይላል። ምሳ የሚቀርብበት ነው ወይስ ሙሽሮቹ የሚገቡበት? ሙሽሮቹ ከፎቶ ፕሮግራም ተመልሰው 9፡00 ላይ ሲገቡ፣ ሰዓት አክብረው የመጡት አያት ሦስት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስኳር ያለባቸው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከመሰልቸት ያልፋል። ሁለቱን ሰዓት ለይቶ ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃል።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ የጠዋቱ የበር ሥርዓት ነው። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ የሙሽሪት ቤት ሲደርስ እህቶቿ፣ የአክስት ልጆችና ጓደኞቿ በሩን ይዘው በዘፈን ይከለክሉታል። ሚዜዎቹም በዘፈን ይመልሳሉ፣ ይለማመጣሉ፣ ይገፋሉ፤ አንደኛው ሚዜ ሽቶ እየረጨ መንገድ ያስከፍታል። ቀጥሎ የወላጆችና የሽማግሌዎች ጉልበት ይሳማል፣ ምርቃት ይወርዳል። እናት የምታለቅሰው እዚህ ነው እንጂ አዳራሽ ውስጥ አይደለም።

ለዚህ ግን ማን ተጠራ? ካርዱ አዳራሹን ብቻ ስለሚጠቅስ፣ ሙሽሪትን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ጎረቤት “ጠዋት የቤተ ዘመድ ነው” ብላ ትቀራለች። ቅር ብሏት እንደሆነ የምንሰማው ከዓመት በኋላ ነው። እነሱን በስልክ ለይቶ መጥራት የእናቶች ሥራ ነበር፤ ዛሬ ሁሉን ለዲኮርና ለፕሮግራም አዘጋጅ ስንተው ይህቺ ስልክ ተረሳች። አጀቡ ዘግይቶ ሲደርስም የሚቆረጠው በሩ ነው። ቪዲዮ አንሺው “ቶሎ በሉ፣ ፓርኩ ይጠብቃል” ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ምርቃታቸውን ሳይጨርሱ ይነሳሉ። በእኔ ፍርድ የሚያጥረው የፓርኩ ፎቶ መሆን አለበት። አበባው ነገም እዚያው አለ።

አጀቡን በተመለከተ ለተጋባዦችም አንድ ነገር አለኝ። መኪኖቹ መብራት እያበሩና ጥሩምባ እየነፉ መከተላቸው ደስ ይላል። ላለመቆራረጥ ቀይ መብራት መጣስ፣ ከመኪና ጣሪያ ብቅ ያሉ ሕፃናት፣ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ የሚቀርጽ ጎረምሳ ግን ደስ አይሉም። ከመነሳታችሁ በፊት መድረሻውን ለሁሉም ሹፌር በቴሌግራም ላኩ። መብራት የያዘው ቢቆም አይጠፋም፤ በሩ ላይ ያለው ዘፈን እስኪደርስ ይጠብቀዋል።

መልስና ቅልቅልም እንዲሁ ናቸው። መልሱን የሚደግሰው የሙሽሪት ቤተሰብ፣ ቅልቅሉን የሙሽራው ነውና የእንግዳው ዝርዝር ይለያያል። የሰርጉ ካርድ ለመልስ የማያገለግል ከሆነ ቀድሞ መናገር ያሳፍራል እንላለን፤ ካባ ለብሰው በተቀመጡ ሙሽሮች ፊት ለተጨማሪ ሃምሳ ሰው ወንበር መፈለግ ግን የባሰ ያሳፍራል።