«አንበሳ ነው» የሚል ልጅ በእንግሊዝኛ ስለምን ይወድቃል?

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ የጎረቤቴ ልጅ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቱን ይዞ መጣ፡፡ «ሲሚሊ» ማለት ምን እንደሆነ አንድ ቃል ሳያጎድል ጽፏል፡፡ ከሥሩ «ሂ ኢዝ ኤ ላየን» የቱ ነው ሲባል ግን «ሲሚሊ» ብሎ ኤክስ ገብቶበታል፡፡ «ሰውየው አንበሳ ነው ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ በአማርኛ ብጠይቀው ሳቀብኝ፡፡ «ጀግና ነዋ ጋሼ!»

ነገሩን ያውቀዋል፤ እንደሚያውቀው የነገረው የለም እንጂ፡፡

እስቲ እንያቸው፡፡ «እንደ አንበሳ ደፋር» ስንል ሲሚሊ ወይም አነጻጻሪ ነው፤ የእኛን «እንደ» እነሱ «አዝ» ወይም «ላይክ» ይሉታል፡፡ «እንደ» ወጥቶ ሰውየው ራሱ አንበሳ ሲሆን ተለዋጭ፣ በእነሱ ሜታፎር ነው፡፡ የአንኮበር ጉም ወርዶ አገሩን አቀፈው ስንል ሰውኛ ነው፤ ጉም ክንድ የለውማ፡፡ «ሺህ ጊዜ ነግሬሃለሁ» ግነት ነው፤ እንግሊዞቹ ሚሊዮን ያደርሱታል፡፡ እንስራ ለሰበረ ልጅ እናቱ «እሰይ የኔ ጎበዝ!» ስትለው ምጸት ነው፡፡ አንድ ወጥመድ አለ፤ «ላይክ» ባለበት ሁሉ ሲሚሊ የለም፡፡ «አይ ላይክ ሚልክ» ያለ ሰው ወተት እወዳለሁ አለ እንጂ ምንም ከምንም አላነጻጸረም፡፡

ይህን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም፡፡ ታዲያ ክፍል ውስጥ ስለምን አልሆነም? ልጁ እንደሚለው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ የተናገረ ይቀጣል፡፡ ጉድ እኮ ነው! በ1839 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴዋ አንኮበር የመጣው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ኢዘንበርግ እንኳ በ1841 ለንደን ላይ ባሳተመው መዝገበ ቃላት አማርኛና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን አስቀምጧል፡፡ ባዕዱ የተጠቀመበት መንገድ ለባለቤቱ ልጅ ነውር ሆነ ማለት ነው?

ነገሩ የአንድ ጥያቄ ጉዳይ አይደለም፡፡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ አድርጎታል፡፡ አነጋገሩ ያልገባው ልጅ ታሪኩም ጂኦግራፊውም አብሮ ያመልጠዋል፡፡ በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፡፡ ጥፋቱ ሁሉ የቋንቋ ነው አልልም፡፡ ቋንቋ የለበትም የሚለኝን ግን አልሰማውም፡፡

ስለዚህ የትምህርት ሹማምንት ቅጣቱን ያስቀሩልን፡፡ መምህራንም ከትርጓሜ ሽምደዳ በፊት «ይህን በአማርኛ እንዴት ትሉታላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፡፡ ሰምና ወርቅ ሲሰማ ላደገ ልጅ መልሱ ከአፉ አይርቅም፡፡