ቁጥር የሚያስታውስ የቤት ስልክ

ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች፥ በአዲ አርቃይና በአካባቢው፥ ልጆቻቸው ለትምህርት ወደ ጎንደር፥ ለሥራ ወደ ሑመራና ወደ አዲስ አበባ የሄዱባቸው፥ አልፎም ባሕር የተሻገሩባቸው ወላጆች ብዙዎች ናቸው። የቤት ስልክ ካላቸው መካከል እጀታው ገመድ የሌለውን ዓይነት የሚይዙ አሉ። እንዲህ ያለው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር የሚያኖርበት ማኅደር ስላለው፥ አንዲት ቁልፍ ጥቂት ተጭኖ በመያዝ ብቻ ረጅሙን ቁጥር ራሱ ይደውላል። በዚህ ወር ስለዚሁ ጥቂት ልናሳስብ ወደናል።

አሠራሩ እንደ ስልኩ ዓይነት ይለያያል። በብዙዎቹ ቁጥሩን ጽፎ የማኅደሩን ቁልፍ መጫን፥ ቀጥሎም ከ2 እስከ 9 ካሉት አንዱን መምረጥ ነው። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን ቁጥር ከነቦታ መለያው 10 አኃዝ ስለ ሆነ፥ የአዲስ አበባ የቤት ስልክ ከ011 ጋር፥ የባሕር ማዶው ደግሞ ከ00ና ከአገሩ መለያ ጋር ተሟልቶ ይግባ።

ዋናው ጥያቄ የትኛው ቁልፍ ለማን ይሁን የሚለው ነው። ብዙ ሰው ቅድሚያውን ለበኵር ልጅ ይሰጣል። እኛ በዚህ አንስማማም። ባሕር ማዶ ያለ ልጅ፥ እናቱ በሌሊት ብትታመም፥ ከመጨነቅ በቀር ምን ያደርግላታል? ቅድሚያው በር ከፍቶ ሊገባ ለሚችል ጎረቤት፥ ከዚያም ለሐኪም ቤቱና ለነፍስ አባት ነው። ሕሙም ሳይናዘዝና ሳይቆርብ እንዳያልፍ ካህኑ በጊዜ መጠራት አለባቸውና። ደግሞም በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በሩቅ ላለው ልጅ ማን በማለዳ ደርሶ ያርዳው የሚለውን ከሽማግሌዎች ጋር የሚመክሩት ብዙ ጊዜ እርሳቸው ናቸው።

ዓይናቸው ለደከመ እናቶች አንድ ዘዴ አለ። በአብዛኞቹ ስልኮች በ5 ቁጥር ላይ በጣት የምትዳሰስ ትንሽ ጉብታ ትገኛለች። የጎረቤቱን ቁጥር በዚያች ላይ አኑሩት፤ ፊደል ያልቆጠሩ እማሆይ እንኳ መነጽር ሳይፈልጉ ያገኙታል።

ነገር ግን ማኅደሩን ፈጽሞ ማመን አይገባም። ባለገመዱ ተራ ስልክ ኃይሉን ከስልኩ መሥመር ያገኛል፤ ገመድ የሌለው ግን ማረፊያው በቤት ኤሌክትሪክ ስለሚሠራ፥ መብራት ሲጠፋ እጀታው ባትሪ እያለው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። በአንዳንዱም ዓይነት ባትሪው ጨርሶ ሲያልቅ የተቀመጠው ቁጥር ይጠፋል። እንግዲህ አሮጌውን ባለገመድ ስልክ አትጣሉት፤ ቁጥሮቹም በጉልህ ተጽፈው በግድግዳ ላይ ይለጠፉ።

ከሁሉ የሚያሳዝነን የልጆቹ ነገር ነው። ውዳሴ ማርያምን በቃሉ የሚደግም ልጅ የአባቱን ስልክ ቁጥር ሲጠየቅ አያውቀውም። በደባርቅ ገበያ ከእናቱ የተለየ ሕፃን፥ ሰው አግኝቶ ሲጠይቀው፥ «ቤታችን 5 ቁጥርን ነው የምንጫነው» ቢል ምን ይጠቅመዋል? ዳዊት በቃል የሚጠናበት አገር 10 አኃዝ አይከብደውም። በየማታው ከጸሎት በኋላ አንድ ጊዜ ማስባል ይበቃል።

ቁጥሮቹ ከገቡ በኋላ እናቲቱ ራሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሞክሩት። ልጅም ቁጥሩን የለወጠ እንደ ሆነ ለእናቱ በቃል መንገሩ ብቻ አይበቃም፤ ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ወደ ቤቱ ሲመጣ፥ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፥ ማኅደሩን ራሱ ያድስላቸው።