ንጽጽሩ ከመስፈሪያው ይጀምራል

የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ፣ ዛሬ ፒያሳ በሚባለው አካባቢ በሚቆምበት ዘመን እህል ከየአቅጣጫው ይገባ ነበር። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ገበያውን ወደ መርካቶ እስካዞረው ድረስ የከተማዋ ሰው የሚሸምተው ከዚያ ነው። በዚያን ጊዜ ቁና ከአገር አገር ይለያይ ስለነበር ዋጋ ብቻ ጠይቆ የገዛ ይጎዳል፤ መስፈሪያውንም ማየት ግድ ነበር።

ኢትዮጵያን ከጎረቤቶቿ ጋር የሚያነጻጽር ሁሉ ዛሬም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2016 ዓ.ም ይፋ ባደረገው የሰብዓዊ ልማት መለኪያ ከ193 አገሮች ኬንያ 146ኛ፣ ሱዳን 170ኛ፣ ጅቡቲ 171ኛ፣ ኤርትራ 175ኛ፣ ኢትዮጵያ 176ኛ፣ ደቡብ ሱዳን 192ኛ፣ ሶማሊያ 193ኛ ናቸው። መለኪያው የሚያየው ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን ነው። አፈር፣ ውሃና ደን በውስጡ የሉም።

በበቆሎ ምርታማነት ሲታይ ግን ተራው ይገለበጣል። የኢትዮጵያ አማካይ በሔክታር 40 ኩንታል አካባቢ ሲሆን የኬንያ ከ20 ኩንታል በታች ነው። ይህ የሚያኮራ ውጤት ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት 43 በመቶ ገደማ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ ነው። የዘንድሮው ምርት እየጨመረ የነገው አፈር እየከሳ ከሄደ አንዱን ቁጥር አይቶ ሌላውን መተው ራስን ማታለል ይሆናል።

መለኪያውም ራሱ ያሳስታል። በኬንያ በቆሎ የሚሰፈረው 90 ኪሎ በሚይዝ ጆንያ፣ መሬቱም የሚለካው በኤከር ነው። የኬንያ ገበሬ ከአንድ ኤከር 20 ጆንያ አገኘሁ ቢል በሔክታር 44 ኩንታል ገደማ ማለቱ ነው። በሱዳን ደግሞ መሬት በፈዳን ይለካል፤ አንድ ፈዳን ግማሽ ሔክታር እንኳ አይሞላም። አማካይ የሚሰውረውም ነገር አለ። የኬንያ አማካይ ለም የሆነውን ትራንስ ንዞያንና ደረቁን ምሥራቃዊ ክፍል ደባልቆ የያዘ ነው። ለሜጫ ወይም ለቡሬ አርሶ አደር ትምህርት የሚሆነው ከአገር አማካይ ይልቅ ዝናቡና አፈሩ ከሚመሳሰል አካባቢ ጋር መነጻጸር ነው።

የነፍስ ወከፍ ስሌትም የሕዝብ ብዛትን በትክክል ማወቅን ይጠይቃል። ኬንያ በየአሥር ዓመቱ ትቆጥራለች፤ የመጨረሻው በነሐሴ 2011 ዓ.ም ሲካሄድ 47.6 ሚሊዮን ሕዝብ ተመዝግቧል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ቢደነግግም የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ነው። ያን ጊዜ የተቆጠረው ሕዝብ ከ73 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው።

ቆጠራ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ነው። የማሳው ቁጥር ግን ከቀበሌ ይነሳል፤ ችግሩም ከዚያው ሊጀምር ይችላል። ለግምገማ እንዲያምር ማሳ ሳይረግጥ ቅጽ የሚሞላ ባለሙያ፣ ከወረዳ የወረደለትን ዕቅድ እንደ ውጤት መልሶ የሚልክ ኃላፊ የሚጎዱት አርሶ አደሩን ነው። በጥር በወረቀት የተትረፈረፈ ምርት በሐምሌ ጎተራው ሲራቆት ለእርዳታ ጥያቄው እንቅፋት ይሆናል። በሌላ በኩል ግብር ይጨመርብኛል በሚል ስጋት መሬቱን አሳንሶ የሚያስመዘግብ አርሶ አደር የማዳበሪያ ድርሻውንም አብሮ ያሳንሳል። አንዱ በማጋነን፣ ሌላው በመደበቅ አንድ ዓይነት ጉዳት ያደርሳሉ።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። በእያንዳንዱ ቀበሌ በዕጣ ከተመረጡ ማሳዎች ሰብል ቆርጦ መመዘን፣ እርጥብ በቆሎ ከደረቀው ስለሚከብድ ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ከደረቀ በኋላ እንዲሆን ማድረግ፣ ጥማዱንም ወደ ሔክታር መልሶ መመዝገብ ይቻላል። ከምርቱ ጎን የአፈሩ አሲዳማነት፣ የተረጨው ኖራ፣ የምንጩ ሁኔታና ከትምህርት ገበታ የቀሩ ልጆች ቁጥር ሊሰፍር ይገባል። ኢኮኖሚው፣ አካባቢውና ማኅበራዊ ኑሮው አብረው የሚታዩት እንዲህ ሲሆን ነው። የተመዘገበው ሁሉ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አርሶ አደሩ እንዲያርመው ዕድል ይሰጠው። ያነሰ ቁጥር ያመጣ ባለሙያም እውነቱን በማቅረቡ መወቀስ የለበትም።

ከጎረቤት ጋር መነጻጸር የሚጠቅመው የጎደለን አይቶ ለመሙላት እንጂ ለመኩራራት ወይም ለመሸማቀቅ አይደለም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና ወረዳዎች ዛሬ የሚልኩት ቁጥር ነገ በማዳበሪያ፣ በእርዳታ እህልና በበጀት ተሰፍሮ እንደሚመለስላቸው ሊያስቡ ይገባል።